መርፌው ያስፈራል፣ መድኃኒቱ ይጠጣል፦ የቻይና ባህላዊ ሕክምናን ለያይቶ ማወቅ

የቻይና ባህላዊ ሕክምና በሚሰጥባቸው ክሊኒኮች ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ታካሚው መርፌውን ሲያይ ይደነግጣል፤ ቀቅሎ እንዲጠጣው የተሰጠውን የሥርና የቅጠል ጥቅል ግን ምንም ሳይጠይቅ ይዞ ይሄዳል። ፍርሃቱ ቦታውን ስቷል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ንጹሕ መርፌ በሠለጠነ እጅ ሲወጋ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ኩላሊት ያበላሹት፣ ጉበት የጎዱት፣ የልብ ምት ያዛቡት በአብዛኛው የሚጠጡት መድኃኒቶች ናቸው።

ስሙ አንድ ስለሆነ ሕክምናው አንድ ይመስላል እንጂ በውስጡ ያሉት ነገሮች በጣም ይለያያሉ። መርፌ፣ ዋግምት፣ የሞክሳ ሙቀት፣ የቆዳ ፍቅፈቃ፣ መታሸት፣ የሚቀቀል መድኃኒት አለ። እያንዳንዱ የራሱ አሠራር፣ የራሱ ማስረጃና የራሱ አደጋ አለው። አንዱ ጠቀመኝ ብሎ ሌላውን አምኖ መቀበልም ሆነ፣ አንዱ ከንቱ ነው ብሎ ሁሉንም መጣል ስሕተት ላይ ይጥላል።

ከሕክምናው በፊት ምርመራው ይቀድማል። ሐኪሙ ያያል፣ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ የደም ሥር ይዳስሳል። በእያንዳንዱ እጅ አንጓ ላይ ሦስት ጣቶቹን አሳርፎ ምቱ ጥልቅ ይሁን ላይ ላዩን፣ ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ፣ የተወጠረ ይሁን የላላ ይለያል። ከዚያ ምላስ ያስወጣና ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ በላዩ ያለውን ሽፋን ይመለከታል። ስለዚህ ለምርመራ ስትሄዱ ምላሳችሁን አትፋቁ፤ ቡናም ምላስን ያጠቁራል፣ የደም ሥር ምትንም ይለውጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በከንቱ የሚጨነቅበት ነገር አለ። ሐኪሙ «የጉበት ቺ ታፍኗል» ወይም «ኩላሊት ደክሟል» ቢል ጉበታችሁ ወይም ኩላሊታችሁ ታሟል ማለቱ አይደለም። ቺ በቻይናውያን አስተሳሰብ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ኃይል ነው፤ ጉበትና ኩላሊት የሚሉት ስሞችም በዚህ ሕክምና የአንድ የሥራ ዘርፍ መጠሪያ እንጂ በአልትራሳውንድ የሚታየው አካል ብቻ አይደሉም። ንዴት፣ የጎን መወጠርና የወር አበባ መዛባት አንድ ላይ ሲመጡ «ጉበት» ይባላል። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፦ የደም ሥር ምቱ ደህና ነው መባል እብጠት ወይም የደም ማነስ የለም ማለት አይደለም። ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ደም ከታየ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ላቦራቶሪና ወደ ራጅ ክፍል ነው።

ወደ መርፌው እንምጣ። አኩፓንቸር በሚባለው የመርፌ ሕክምና ላይ በብዛት የሚሠራበት መርፌ ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ለፊት ከዚህ የቀጠነ፣ ለዳሌ ከዚህ የረዘመ ይመረጣል። ደም ለመቅዳት የሚያገለግለው የተለመደ መርፌ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለቱ አይወዳደሩም፤ በዚያ ላይ ያኛው ውስጡ ክፍት፣ ጫፉ ሥጋ የሚቆርጥ ሲሆን የአኩፓንቸሩ ድፍንና ሾጣጣ ነው፤ ሥጋውን ገፋ አድርጎ ያልፋል። መርፌው ብዙ ጊዜ ከእሱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ በሚያጥር የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይገባና ጫፉ በጣት መታ ይደረጋል። ቆዳው የቱቦውን ጫና እየተሰማው ስለሆነ የመርፌውን ውጋት አያስተውለውም።

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት በሰውነት ላይ መርፌ የሚወጋባቸው ነጥቦች ቁጥር 361 ነው። ነጥቦቹ የሚለኩት በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በታካሚው በራሱ አካል ነው። የአውራ ጣቱ ስፋት 1 ጹን ይባላል፣ የአራት ጣቶቹ ስፋት 3 ጹን ነው። በዚህ ምክንያት የረጅም ሰውና የሕፃን ነጥብ በአንድ ልኬት ይገኛል። ለምሳሌ ኔይጓን የሚባለውን ነጥብ ለማግኘት መዳፋችሁን ወደ ላይ ገልብጡ። ከእጅ አንጓችሁ የመታጠፊያ መስመር ጀምሮ ሦስት ጣቶች ወደ ክንዱ ጎን ለጎን አሳርፉ። አሁን እጃችሁን ጨብጡና አንጓችሁን በትንሹ እጠፉት፤ ሁለት ጅማቶች ብቅ ይላሉ። ነጥቡ የሦስቱ ጣቶች ስፋት በሚያበቃበት፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ነው። ለማቅለሽለሽ የሚወጋው እሱ ነው፤ በጣት ተጭኖ ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ማቆየትም ይቻላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ የዚህ ነጥብ ጥቅም በብዙ ጥናቶች ስለተደገፈ፣ ከጠቅላላው የአኩፓንቸር አገልግሎት መካከል ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው።

መርፌው ከገባ በኋላ ሐኪሙ ያሽከረክረዋል፣ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። የሚፈልገው ደ ቺ የሚባለውን ስሜት ነው፦ መክበድ፣ መደንዘዝ፣ ቅዝዝ ያለ ሕመም፣ አንዳንዴም በእግር ወይም በክንድ የሚወርድ ንዝረት። የመቃጠል ስሜት ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሹል ሕመም ግን ደ ቺ አይደለም፤ ነርቭ ወይም የደም ሥር ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ተናገሩ። አፍሮ መቻል እዚህ ላይ ጉዳት አለው። መርፌው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ለቆየ ሕመም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየተመላለሱ ከ6 እስከ 10 ጊዜ መሞከር የተለመደ ነው። እስከዚያ ምንም ለውጥ ካልታየ ሌላ 20 ጊዜ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ግን ይሠራል? ጀርመን አገር 1,162 የጀርባ ሕመምተኞችን ይዞ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት ለዚህ ጥያቄ ሐቀኛ መልስ ይሰጣል። ታካሚዎቹ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ደንቡ በነጥቦቹ ላይ ተወጉ። ሁለተኛዎቹ ሳያውቁት ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን ተወጉ። ሦስተኛዎቹ በመድኃኒት፣ በፊዚዮቴራፒና በአካል እንቅስቃሴ ታከሙ። ከስድስት ወር በኋላ መሻሻል የታየባቸው ከመጀመሪያዎቹ 47.6 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 44.2 በመቶ፣ ከሦስተኛዎቹ 27.4 በመቶ ነበሩ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። የአኩፓንቸር ደጋፊ 47.6ን ከ27.4 ጋር ብቻ ያነጻጽራል፤ ተቺው 47.6ን ከ44.2 ጋር ብቻ። ሁለቱም ግማሹን ይደብቃሉ። ሙሉው ነገር እንዲህ ነው፦ የቆየ የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው በመርፌ የመሻል ዕድል አለው፤ ነገር ግን ከጥቅሙ ትልቁ ክፍል የመጣው ነጥቡ በትክክል ከመገኘቱ አይደለም። መወጋቱ ራሱ፣ ተጋድሞ ማረፉ፣ የሐኪሙ ትኩረትና የታካሚው ተስፋ ድርሻቸው ትልቅ ነው። መወጋት በሰውነት ውስጥ ለውጥ ማምጣቱም በላቦራቶሪ የታየ ነው፤ ስሜት አስተላላፊ ነርቮች ይነቃሉ፣ አንጎል የራሱን ሕመም ማስታገሻ ኢንዶርፊን ያመነጫል። ስለዚህ «ሌላው ሐኪም የማያውቀውን ምስጢራዊ ነጥብ እኔ አውቃለሁ» ለሚል ሰው ተጨማሪ ክፍያ መክፈል አያስፈልግም። ለጉልበት አርትራይተስ፣ ለአንገት ሕመምና ለሚመላለስ ራስ ምታትም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለካንሰር፣ ለስኳር፣ ለኢንፌክሽን መርፌ ፈውስ አይሆንም፤ የካንሰር ታካሚ በኬሞቴራፒ ምክንያት የሚመጣበትን ማቅለሽለሽ ለማስታገስ ቢወጋ ግን ተገቢ ነው።

አደጋውን በተመለከተ፣ እዚያው ጀርመን 229,230 ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። 8.6 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ የማይፈለግ ነገር ገጥሟቸዋል፤ አብዛኛው ትንሽ መድማትና መበለዝ ነው። ሳንባቸው የተበሳው ሁለት ናቸው። ሁለት ሰው ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ትንሽ ቢሆንም አደጋው እውነተኛ ነው፤ ከየት እንደሚመጣም ይታወቃል። በአንገትና በትከሻ መካከል ባለው ሥጋ ላይ ጂያንጂንግ የሚባል ነጥብ አለ። ከሥሩ የሳንባው ጫፍ ይገኛል፤ በቀጭን ሰው ደግሞ በጣም ቅርብ ነው። ጠንቃቃ ሐኪም እዚያ ላይ መርፌውን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች አያስገባም፤ ሥጋውን በጣቶቹ አንሥቶ ይይዝና በአግድም በኩል ይወጋል። በላይኛው ጀርባና በደረት ላይም እንዲሁ አዘንብሎና አሳጥሮ ነው። ከተወጋችሁ በኋላ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁና ደረታችሁን በአንድ ጎን ከወጋችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ በአንገት ወይም በትከሻ አካባቢ መወጋታችሁንም ተናገሩ።

ከዚህ ያነሱ ችግሮችም አሉ። ባዶ ሆዱን የመጣ ወይም በጣም የፈራ ሰው ሊያዞረው፣ ሊያልበው፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ያን ጊዜ መርፌዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ ታካሚው በጀርባው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይደረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይመለስለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጋ ሰው ቀለል ያለ ምግብ በልቶ መምጣትና ተኝቶ እንጂ ተቀምጦ አለመወጋት ያለበት ለዚህ ነው። መርፌው አልወጣም ብሎ የሚያዝበት ጊዜም አለ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሽከረከር በቆዳ ሥር ያለው ክር መሰል ሕብረ ሕዋስ እንደ እንዝርት ይጠመጠምበታል፤ ወይም ጡንቻው ደንግጦ ይጨመድደዋል። በኃይል መሳብ አያስፈልግም። ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ቀስ ብሎ መመለስ፣ አጠገቡ ያለውን ሥጋ ማሸት፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያላቅቀዋል። በነፍሰ ጡር ላይ በልማድ የማይወጉ ነጥቦች አሉ፤ ከአውራ ጣትና ከሌባ ጣት መካከል ያለው ሄጉ አንዱ ነው። በመርፌዎቹ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያያዝ ከሆነ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ያለው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

ሞክሳ ከአሪቲ ወገን የሆነ ተክል ነው። ቅጠሉ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ደጋግሞ ተነፍቶ እንደ ጥጥ የለሰለሰው ክፍል ብቻ ይቀራል። ሦስት ዓመት የቆየው ይመረጣል፤ ትኩሱ ቅባታማ ስለሆነ ነበልባሉ ይበረታል። በወረቀት ተጠቅልሎ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 1.8 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር በትር ይሆናል። ጫፉ ተለኩሶ ከቆዳው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይያዛል። ቆዳው ሮዝ ሲል ይበቃል። በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ቃጠሎው ሳይሰማው ቆዳው ይቆስላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለት ጣቶቹን ከነጥቡ ግራና ቀኝ አሳርፎ ሙቀቱን በራሱ ቆዳ ይለካል፤ ይህን የማያደርግ ከሆነ ተዉት። በትሩ የጠፋ ቢመስልም በውስጡ ፍም ይቀራልና አሸዋ ውስጥ ተተክሎ ወይም በክዳን ታፍኖ መጥፋት አለበት። ጭሱ አስም ላለበት ሰው አይሆንም።

በሞክሳ በጣም የታወቀው አገልግሎት በማሕፀን ውስጥ በመቀመጫው የመጣን ፅንስ ማዞር ነው። ከ33ኛው ሳምንት ግድም ጀምሮ የትንሿ የእግር ጣት ጥፍር ውጪያዊ ጥግ ይሞቃል። ቻይና ውስጥ በ260 እናቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት፣ በ35ኛው ሳምንት በጭንቅላት የዞሩት ሞክሳ ከተደረገላቸው 75.4 በመቶ፣ ካልተደረገላቸው 47.7 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ግን ሁሉም ይህን ያህል አልደገሙትም። የማህፀን ሐኪም እየተከታተላት የምትሞክር እናት የምታጣው ነገር ትንሽ ነው፤ ክትትሉን በሞክሳ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው።

ዋግምት በእሳት ሲሠራ እንዲህ ነው፦ በአልኮል የራሰ ጥጥ በመቆንጠጫ ተይዞ ይለኮሳል፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ወደ ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ ይወጣል፣ ብርጭቆው ወዲያው ቆዳ ላይ ይደፋል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሥጋውን ይስባል። የሚያቃጥለው ከጥጡ የሚንጠባጠበው አልኮልና የጋለው የብርጭቆ ከንፈር ነው፤ ጥጡ መጨመቅ፣ እሳቱም ከንፈሩን ሳይነካ መግባት አለበት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ብዙ ሲቆይ ውኃ ይቋጥራል። ሲነሣም አይጎተትም፣ ከጎኑ ቆዳው በጣት ተጭኖ አየር እንዲገባ ይደረጋል። በላዩ የሚቀረው ጥቁር ቀይ ክብ «የወጣ መርዝ» አይደለም። ከጥቃቅን የደም ሥሮች የፈሰሰ ደም ነው፤ እንደ ማንኛውም ብልዝ ከጥቂት ቀን እስከ አሥር ቀን ውስጥ ይጠፋል። ቀለሙን አይቶ በሽታ የሚናገርን ሰው አትመኑ። ቆዳ ተበጥቶ ደም የሚሳብበት ዋግምት ከሆነ ምላጩም ብርጭቆውም ለአንድ ሰው ብቻ ማገልገል አለበት፤ የጉበት ቫይረሶችና ኤችአይቪ በደም ይተላለፋሉ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይህን ጨርሶ ይተወው።

ጓ ሻ በቅባት በታሸ ቆዳ ላይ በደነዘ ጠርዝ ወደ አንድ አቅጣጫ መፈቅፈቅ ነው፤ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ቱይ ና ደግሞ መታሸት፣ መጎተትና መጫን ነው። ሁለቱም ለተወጠረ ጡንቻ ይጠቅማሉ። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማንቋቋት ግን በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊሰነጥቅ ስለሚችል ለሚያሸው ሰው አይፈቀድለት።

አሁን ወደ ድስቱ። ከ200 ዓ.ም. ግድም የቆየና እስከ ዛሬ የሚታዘዝ አንድ ቅምም በምሳሌነት እንውሰድ፦ የቀረፋ ቅርንጫፍ 9 ግራም፣ የፒዮኒ ሥር 9 ግራም፣ ትኩስ ዝንጅብል 9 ግራም፣ ሊኮሪስ የተባለ ጣፋጭ ሥር 6 ግራም፣ 12 የጁጁብ ፍሬ። ቻይናውያን ለእያንዳንዱ ማዕረግ ይሰጡታል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ንጉሥ፣ የሚያግዘው ሚኒስትር፣ ጉዳቱን የሚያለዝበው ረዳት፣ ሁሉን የሚያስማማው መልእክተኛ ይባላል። እዚህ ንጉሡ ቀረፋው ነው።

አቀቃቀሉ መጠኑን ይወስናል። ማሰሮው የሸክላ ወይም የብርጭቆ ይሁን፤ ብረትና አሉሚኒየም በተክሉ ውስጥ ካሉ ነገሮች ጋር ይዋሃዳሉ። መድኃኒቱ 30 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ውኃው ከላዩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በኃይለኛ እሳት ከፈላ በኋላ በዝግታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀቀላል፣ ይጠለላል። አተላው በአዲስ ውኃ እንደገና ይቀቀልና ሁለቱ ውኃ ተቀላቅሎ፣ ለሁለት ተከፍሎ ይጠጣል። ዛጎልና ድንጋይ ነክ ነገር ቀድሞ ይገባል፤ እንደ ናና ያለ መዓዛው የሚተን ቅጠል በመጨረሻው አምስት ደቂቃ። በጥቅሉ ላይ «ቀድሞ» ወይም «መጨረሻ ላይ» ተብሎ የተለየ ከረጢት ካለ እንደ ጌጥ አትዩት። ፉዚ የሚባለው የአኮናይት ሥር ልብን የሚያዛባ መርዝ አለው፤ የሚበርደው ረጅም ጊዜ ሲቀቀል ነው። ስለዚህ ለብቻው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ መጠኑ ሲበዛ ከዚያም በላይ ይቀቀላል። ጠጥታችሁ ከንፈርና ምላሳችሁ ከደነዘዘ አትጠብቁ፣ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እሳት መርዝን እንደሚያበርድ ሁሉ መድኃኒትንም ይገድላል። በ4ኛው መቶ ዘመን ገ ሆንግ የተባለ ሐኪም ለወባ ቺንግሃኦ የተባለውን ተክል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣት ብሎ ጽፎ ነበር፤ ቀቅሉት አላለም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ ይህን አስተውላ በዝቅተኛ ሙቀት ስታወጣው ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1972 አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ተለይቶ ወጣ፣ በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። በእነዚህ ተክሎች ውስጥ ጉልበት አለ። ጉልበት ያለው ነገር ደግሞ መጠንና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊኮሪስ ሲበዛና ሲደጋገም ፖታሲየም ይቀንሳል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ዳንሸን የተባለው ሥር ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ላይ መድማት ያመጣል። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ሄ ሾ ዉ ጉበት ጎድቷል። በዱቄትና በክኒን መልክ በሚሸጡት ውስጥ ደግሞ ያልተጻፈ ስቴሮይድ ወይም የውፍረት መቀነሻ ኬሚካል በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ የመገጣጠሚያ ሕመምን በሁለት ቀን ጸጥ ያደረገ «ቅጠል» ያጠራጥር።

ከሁሉ የከፋው የቤልጂየሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ የውፍረት መቀነሻ ክሊኒክ ፋንግ ጂ የተባለ ሥር በመድኃኒቱ ውስጥ ያስገባል። በስሙ ተመሳሳይነት ምክንያት ጓንግ ፋንግ ጂ የተባለ ሌላ ተክል በቦታው ገባ፤ ይህኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ አለው። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። ኩላሊታቸው ከሞተባቸው መካከል 39ኙ ለጥንቃቄ ኩላሊታቸውንና የሽንት ቧንቧቸውን አስወጡ፤ ሲመረመር በ18ቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። ሴቶቹ የወሰዱት የታዘዘላቸውን ነው፣ መጠኑንም አላሳለፉም፤ የተለወጠው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነው።

ስለዚህ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ የእያንዳንዱን ተክል ሙሉ ስም፣ ከተቻለ የላቲን ስሙን፣ ከነግራሙ በጽሑፍ ጠይቁ። የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ለሁለቱም ሐኪሞች ንገሩ፤ ቀዶ ሕክምና ካለባችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት አቁሙ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ፣ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው አይጀምር። ሽንት ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ካለ፣ እግር ካበጠ መጠጣቱን አቁማችሁ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ ጥቅሉን ከነአተላው ይዛችሁ ሂዱ። በቤልጂየም መርዙ የተለየው ሴቶቹ ይወስዱት የነበረው ዱቄት ተመርምሮ ነው።